ያገለገለ ካሚዮን ገዢና የሞተሩ ቢጫ መብራት

በጋዝጊብላና በዋግ ደጋ መንገድ ዕቃ ለሚያመላልሱ ነጋዴዎች

አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ሰቆጣ ገበያ ይወጣ በነበረበት ዘመን፣ የጭነት በቅሎ የሚገዛ ነጋዴ በጠጕሯ ማማር አይታለልም ነበር። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ኮቴዋን አንሥቶ ይመረምራል፤ ከሁሉ በፊት ግን በጀርባዋ ላይ የተጣለውን ልብስ ገልጦ ግጣብ መኖር አለመኖሩን ይመለከታል። ይህን ሁሉ አድርጎ ያልረካ እንደ ሆነ ጥቂት ሸክም አስጭኖ ዳገት ያስወጣታል። ሻጩ ልብሱን ለመግለጥ ሲያመነታ ያየ ገዢ ግን ነገሩን ወዲያው ተረድቶ ገንዘቡን ወደ መቀነቱ ይመልሳል።

ዛሬ ወደ ሰቆጣም ሆነ በጋዝጊብላ ወረዳ ወዳለችው ወደ አስከተማ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ቆርቆሮውና ሲሚንቶው የሚገባው፣ ከዚያም ማሩ፣ በጉና ፍየሉ የሚወጣው በካሚዮን ነው። አዲስ ካሚዮን ለመግዛት አቅም ያለው ነጋዴ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ብዙው ከሌላ እጅ የወጣ አይሱዙ ወይም ይህን የመሰለ መኪና ይገዛል። ለዚህም ግዢ የሱቁን ካፒታል ያወጣል፤ ያልበቃው እንደ ሆነ ከዘመድና ከባንክ ይበደራል። መኪናው በገባ በሳምንቱ በመሪው ፊት ካለው ሰሌዳ ላይ የሞተር ቅርጽ ያለው ቢጫ መብራት ቦግ ሲል፣ ባለቤቱ የሚይዘው የሚለቀው ቢጠፋው የሚያስደንቅ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ከሁለት ስሕተት በአንዱ መውደቅ የተለመደ ነው። አንዱ ነጋዴ «መኪናው እስከ ሄደ ድረስ መብራት ምን ያደርጋል» ብሎ ጭነቱን ይቀጥላል፤ ወይም የባትሪውን ገመድ አስነቅሎ መብራቱን ያስጠፋል። ሌላው ደግሞ ደንግጦ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ፣ ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን ያስለውጣል። የፊተኛው ሞተሩን፣ የኋለኛው ገንዘቡን ይጎዳል። ሁለቱም የዘነጉት ነገር መብራቱ ምስክር እንጂ ዳኛ አለመሆኑን ነው። ምስክር ሲቀርብ አፉን መዝጋትም ሆነ ቃሉን ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም።

መብራቱ የሚናገረው

በኢትዮጵያ መንገድ ለብዙ ዓመታት የታወቀው ፊያት «ኤንትሬ» ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚልከው በመካኒካዊ ፖምፓ ብቻ ስለ ነበረ፣ የበቃ መካኒክ ሕመሙን በጆሮውና በአፍንጫው ያውቀው ነበር። የዛሬው የናፍጣ ሞተር ግን የሚታዘዘው በኮምፒውተር ነው። ሴንሰር የሚባሉ ትንንሽ መለኪያዎች የናፍጣውን ግፊት፣ የአየሩን መጠን፣ የውሃውን ሙቀትና የሞተሩን ፍጥነት እየለኩ ለኮምፒውተሩ ያስታውቃሉ። ከእነዚህ ቍጥሮች አንዱ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ወይም ሲጎድል፣ ኮምፒውተሩ ነገሩን በኮድ መዝግቦ በተለምዶ «ቼክ ኢንጂን» የሚባለውን መብራት ያበራል።

ይህ ሥርዐት የመጣው ከጭስ ቍጥጥር ሕግ ነው። የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ራሳቸውን እንዲመረምሩ አዘዘች። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አውቶሞቢሎች ሁሉ 16 ቀዳዳ ያለው አንድ ዐይነት የመመርመሪያ ሶኬትና አንድ ዐይነት የኮድ ቋንቋ እንዲኖራቸው ተደረገ። ለከባድ መኪኖች ሞተር ተመሳሳይ ግዴታ የመጣው ከ2010 ወዲህ ነው። ስለዚህ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣ ያገለገለ ካሚዮን ሁሉ አንድ ዐይነት ቋንቋ አይናገርም። ለመኪናው ስምና ሞዴል የሚስማማ የመመርመሪያ መሣሪያ መፈለግ ግድ ነው።

ገዢው ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገር፣ ኮዱ የታየውን ምልክት እንጂ የተበላሸውን ዕቃ ስም የማይናገር መሆኑ ነው። ለምሳሌ ፒ0087 የሚለው ኮድ ትርጕሙ «የናፍጣው ግፊት ከሚገባው በታች ሆኗል» ማለት ነው። ግፊቱን ያጎደለው ግን የቆሸሸ ፊልትሮ፣ አየር የሚያስገባ ቱቦ፣ የሚያፈስ ኢንጀክተር ወይም ያረጀ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ትኩሳት በመለካቱ ብቻ የበሽታውን ስም እንደማያውቅ ሁሉ፣ መካኒክም ኮድ በማንበቡ ብቻ ምርመራውን ጨርሻለሁ ሊል አይችልም።

የመብራቶቹንም ቀለም መለየት ያስፈልጋል። ቢጫው «መርምረኝ» የሚል ነው። የዘይት ግፊት ወይም የሞተር ሙቀት ቀይ መብራት ግን «አሁኑኑ አቁም» ማለት ስለ ሆነ፣ ቀይ በርቶ ቀጣዩ ከተማ ድረስ ልድረስ የሚል ሾፌር ሞተሩን በገዛ እጁ ያቃጥላል።

ቀሪው ገንዘብ ሳይከፈል

ከሁሉ የሚረክሰው ምርመራ ቀብድ ተሰጥቶ ቀሪው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሚደረገው ነው። ገዢው ወደ ሻጩ ማለዳ ሄዶ ሞተሩን በእጁ ይንካ። ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ ቢያገኘው፣ ብርድ ላይ ለመነሣት የሚያስቸግረውን መኪና ደብቀውበት ሊሆን ስለሚችል በሌላ ቀን ይመለስ።

ከዚያም ቍልፉን አዙሮ ሞተሩን ሳያስነሣ ሰሌዳውን ይመልከት። ጤነኛው መብራት በዚህ ጊዜ መብራትና ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት። ፈጽሞ የማይበራ እንደ ሆነ መልካም ምልክት አይደለም፤ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል። በቅሎዪቱ ላይ የተጣለው ልብስ ይህ ነው።

ሦስተኛው የኮምፒውተሩን መዝገብ ማንበብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ካሚዮኖች የሚሠሩት በ24 ቮልት ሲሆን፣ ለትንንሽ አውቶሞቢል የተሠሩ ርካሽ ማንበቢያዎች ግን ለ12 ቮልት ብቻ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከመሰካታቸው በፊት ጽሑፋቸው ይታይ። መሣሪያው የሚያሳየው አሁን የጸኑትን ኮዶች ብቻ አይደለም፤ ገና ያልጸኑና በመጠባበቅ ላይ ያሉ ኮዶችንም ያሳያል። በብዙ መኪና ላይ ደግሞ መዝገቡ ከተሰረዘ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ተሄደ፣ ኮምፒውተሩም የራሱን ፈተናዎች ፈጽሞ እንደ ሆነ ያመለክታል። አንድ ሻጭ «መኪናዬ አንድም ኮድ የለበትም» ሲል መዝገቡ የተሰረዘው ከ5 ኪሎ ሜትር በፊት ሆኖ ቢገኝ፣ ንጹሕ የተባለው መዝገብ ራሱ የሚያስጠረጥር ነው።

አራተኛው ዳገት ማስወጣት ነው። መዝገቡ የተሰረዘ መኪና በከተማ ሜዳ ባዶውን ሲነዳ ለብዙ ጊዜ ምንም ላያሳይ ይችላል። ነገር ግን ከወልዲያ ተነሥቶ በድልብ በኩል ሽቅብ ሲወጣ፣ ከዚያም በላሊበላ በኩል ወደ ዋግ ሲያቀና የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው ጠንክሮ መሥራት አለበት፤ ጭነትና ዳገት ሲጨመርበትም ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ኃይሉን ሁሉ ያወጣል። የላላ ፋሸታ፣ የተሰነጠቀ የቱርቦ ቱቦ፣ የደከመ ፖምፓ በሜዳ ሲታገሥ ቆይቶ በዚህ ስፍራ ይጋለጣል። ስለዚህ በደሴም ሆነ በአዲስ አበባ ካሚዮን የሚገዛ የዋግ ነጋዴ፣ ሻጩን አስፈቅዶ ጭነት ያለበትን መኪና ረዘም ያለ ዳገት ማስወጣትና ከዚያ በኋላ መዝገቡን ዳግመኛ ማስነበብ ይገባዋል።

መብራቱ በመንገድ ላይ የበራ እንደ ሆነ

አንድ የአስከተማ ነጋዴ እንደዚህ ያለ መኪና ገዝቶ፣ ስኳርና ዘይት አስጭኖ ሲመጣ በዳገቱ መካከል መብራቱ በራ፤ መኪናውም ጕልበቱ ከዳው እንበል። ብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ከባድ ጉድለት ሲያዩ ራሳቸውን ለመጠበቅ ኃይላቸውን ይቀንሳሉ። ይህም በተጫነ መኪና ላይ በዳገት መካከል ሲሆን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነው። ሾፌሩ ሰፊ ስፍራ ፈልጎ ያቁም፤ ረዳቱም ጎማውን በድንጋይ ይደግፍ። ከዚያ ቀይ መብራት አለመኖሩን፣ ዘይቱንና ውሃውን ይመልከቱ። ውሃው የሚታየው ሞተሩ ከበረደ በኋላ ነው፤ ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል።

ቀጥሎ ወረቀትና እርሳስ ይውጣ። መብራቱ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ዳገት፣ በስንተኛ ማርሽ በራ? ሞተሩ ብርድ ነበር ወይስ ሙቅ? ናፍጣ መጨረሻ የተቀዳው ከየት ነው? ጭሱስ ምን መልክ ነበረው? ጥቍር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ናፍጣ መብዛቱን፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ናፍጣው በሚገባ አለመቃጠሉን ወይም ውሃ መግባቱን ያመለክታል። እነዚህ ጥቂት መስመሮች ለመካኒኩ የብዙ ሰዓት ድካም ያስቀሩለታል።

የባትሪውን ገመድ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋት ግን ፈጽሞ አይገባም። ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ባየበት ቅጽበት የሞተሩን ፍጥነት፣ ሙቀትና ጭነት ከኮዱ ጋር አያይዞ ይመዘግባል። ይህ መዝገብ የተሰረዘ እንደ ሆነ ምርመራው ከባዶ ይጀምራል፤ ሕመሙም ስለማይድን መብራቱ ተመልሶ ይበራል። መዝገቡ ከመነካቱ በፊት በመሣሪያው መስታወት ላይ የሚታየውን ሁሉ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ይገባል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

የመልካም መካኒክ ሕግ ምርመራን ከርካሹና ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ውዱና ወደ ሩቁ መሄድ ነው። ለዋግ መንገድ የሚስማማው ተራ ቀጥሎ ያለው ነው።

መጀመሪያ ናፍጣው። ማደያ በራቀበት አገር ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን ተቀምጦ ይሸጣል። በርሜሉ ቀን በፀሐይ ሲሞቅ ሌሊት በደጋ ብርድ ሲቀዘቅዝ፣ በውስጡ ባለው አየር የሚገኘው እርጥበት ጤዛ ይሆናል፤ ውሃውም ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ በርሜሉ ሥር ይወርዳል። የዛሬው ኮመን ሬይል የሚባለው ሞተር ናፍጣውን የሚረጨው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው፤ ይኸውም ከከባድ መኪና ጎማ ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ይህን የሚችሉት ኢንጀክተሮች እጅግ በጠበበ ልክ የተሠሩ ስለ ሆኑ ጥቂት ውሃና አቧራ ያበላሻቸዋል። ስለዚህ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍቶ ጥቂት ናፍጣ በንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙስ መቅዳትና ጥቂት ማቆየት ይገባል። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል። ፊልትሮው ካረጀ ይለወጥ፤ ከታንከሩ ጀምሮ እስከ ፖምፓው ያለው ቱቦም አየር እንዳያስገባ መጋጠሚያው ሁሉ ይፈተሽ። ናፍጣ ከበርሜል ለሚገዛ ነጋዴ ምክሩ አጭር ነው፤ በርሜሉ ሳይነቃነቅ አንድ ቀን ይደር፤ ከላይ ይቀዳ፤ ከሥር ያለው ጥቂት ይቅር።

ሁለተኛ አየሩ። የጠጠር መንገድ አቧራ የአየር ፊልትሮን ቶሎ ይሞላል። ፊልትሮውን ማየትና የቱርቦውን ቱቦዎች በእጅ እየዳሰሱ ፋሸታዎቹን ማጥበቅ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የቱርቦው ግፊት አነሰ የሚለው ፒ0299 ኮድ በወጣ ጊዜ፣ ቱርቦ ከማዘዝ በፊት የተሰነጠቀ ቱቦ መፈለግ ይገባል።

ሦስተኛ ሽቦው። ያገለገለ መኪና በብዙ እጅ የተነካ ነው። ሬዲዮ፣ ተጨማሪ መብራትና ጡሩንባ ለመግጠም የተቆረጡ ሽቦዎች፣ በንዝረት የተላጡ ገመዶች፣ ዝገት የያዛቸው ሶኬቶች ለኮምፒውተሩ የሐሰት ቍጥር ይልካሉ። የደከመ ባትሪም እንዲሁ። ሴንሰሩ ተበላሸ ከመባሉ በፊት ሶኬቱ ተነቅሎ ይጽዳ፤ ቮልቱም ይለካ።

አራተኛ ጭሱ። አዳዲሶቹ ካሚዮኖች የጭስ መመለሻ ቫልቭና የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው፤ አንዳንዶቹም አድብሉ የሚባል የዩሪያ ፈሳሽ ይፈልጋሉ። እነዚህ ዕቃዎች ሰልፈሩ አነስተኛ የሆነ ናፍጣ ለሚገኝበት አገር የተሠሩ ናቸው፤ ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ ይጎዳቸዋል። የጥላሸት ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው መኪናው ለረዥም ጊዜ ሞቆ ሲሄድ ስለ ሆነ፣ በከተማ አጭር መንገድ ብቻ የኖረ መኪና ማጣሪያው ሊደፈን ይችላል። አንዳንድ ባለቤቶችም እነዚህን ዕቃዎች አስነቅለው ወይም አስደፍነው መኪናውን ይሸጣሉ። ስለዚህ ገዢው ማርሚታውን በዐይኑ አይቶ፣ ከፋብሪካው ከወጣው ላይ የጎደለ ነገር መኖር አለመኖሩን ያጣራ።

እነዚህ አራቱ ሁሉ ታይተው ነገሩ ያልተገኘ እንደ ሆነ ብቻ ወደ ኢንጀክተር፣ ወደ ፖምፓና ወደ ቱርቦ መሄድ ይገባል። ያን ጊዜም መካኒኩ «ለውጥ» ሲል፣ ነጋዴው «በምን ልኬት አወቅኸው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። የግፊቱ ቍጥር ስንት መሆን ነበረበት? ስንትስ ሆኖ ተገኘ? ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር ወደ ታንከር የሚመለሰው ናፍጣ ተለክቷል? ለዚህ መልስ ያለው መካኒክ ዋጋው ቢወደድ እንኳ ይሻላል። መልስ የሌለው መካኒክ በነጋዴው ገንዘብ ዕጣ የሚጥል ነው። ዕቃውም ከተለወጠ በኋላ አሮጌውን መረከብ፣ መኪናውን በዚያው ዳገት ማስወጣትና መዝገቡን እንደ ገና ማስነበብ ያስፈልጋል። ሕመሙ መዳኑ የሚታወቀው መብራቱ በመጥፋቱ ሳይሆን በዳገቱ ላይ ተመልሶ ባለመብራቱ ነው።

ሻጭና ገዢ በሕግ ፊት

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ይደነግጋል። ነገር ግን ይኸው ሕግ ገዢውንም ያለ ግዴታ አይተወውም። ገዢው የተረከበውን ዕቃ በተቻለው ፍጥነት መመርመር፣ ጉድለትም ያገኘ እንደ ሆነ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ጉድለቱን እያወቀ የገዛም ኋላ ቢከራከር አያዋጣውም። «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል በውል ላይ ቢጻፍ እንኳ፣ ሻጩ ጉድለቱን በተንኰል የሰወረ እንደ ሆነ ይህ ቃል አያድነውም። ተንኰሉን ማስረዳት ግን የሚችለው ማስረጃ የያዘ ነው።

ከዚህ የተነሣ ገዢው የሚከተሉትን ቢያደርግ ይጠቀማል። በግዢው ቀን የመዝገቡን ንባብና የኪሎ ሜትሩን ቍጥር በፎቶግራፍ ያስቀር። በውሉ ላይ «የሞተሩ መዝገብ በዚህ ቀን ተነብቦ ይህ ተገኝቷል» የሚል አንድ መስመር ያስጽፍ። መብራቱ ኋላ የበራ እንደ ሆነም ዕቃ ከማስለወጡ በፊት ለሻጩ በጽሑፍ ያስታውቅ። ሞተሩ ከተፈታና ዕቃው ከተለወጠ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ፣ ከበድኑ ያለ ምርመራ የተቀበረ ከብት እንደ ማስረዳት ያህል አስቸጋሪ ነው። ብዙ ጊዜም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ያልቃል፤ ሽማግሌም ቢሆን ከጩኸት ይልቅ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ይዞ የመጣውን ይሰማል።

ይህ ምክር ለሻጭም ይጠቅማል። ያገለገለ መኪና ጉድለት ቢኖርበት ነውር አይደለም፤ ነውሩ መሰወሩ ነው። መዝገቡን ገልጦ «ይህ ኮድ አለበት፤ ዋጋውም ስለዚህ ቀንሷል» ያለ ነጋዴ አንድ ጊዜ ጥቂት ቢቀርበት፣ ስሙ በገበያ ታምኖ ሌላ ገዢ ያመጣለታል።

በደጋው መንገድ መኪና ሲቆም የሚቆመው ብረቱ ብቻ አይደለም። የባለሱቁ መደርደሪያ ይራቆታል፤ የገበሬው ማር ገዢ ያጣል፤ የባንኩ ብድር ግን ቀኑን ጠብቆ ይደርሳል። ስለዚህ ካሚዮን የሚገዛ ሰው የአንድ ቀን ጊዜና ጥቂት የምርመራ ዋጋ ከመቆጠብ ይልቅ፣ የአባቶቹን ልማድ ቢከተል ይሻለዋል። ልብሱን ይግለጥ፣ ግጣቡን ይይ፣ ዳገት ያስወጣ፤ ገንዘቡን ከመቀነቱ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ይሁን።